ሞዴል 19 ያልመዘገበው ንብረት

ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ የሱሉልታ ሜዳ ተዘርግቷል። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን በ1970ዎቹ መባቻ ትልቁን የሳተላይት ጣቢያ የተከለው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ አገር የሚደወል ስልክ ተራራውን ተሻግሮ በዚያ ግዙፍ ሳህን በኩል ወደ ኢንቴልሳት ሳተላይት ይወጣ ጀመር። በዚያው ዘመን በዙሪያው ያለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለበላይ አካል ደብዳቤ ሲልክ ተላላኪው ፖስታውን በብብቱ ይዞ መንገድ ዳር መኪና ይጠብቅ ነበር። ሰበታም እንዲሁ ናት። ከሰበታ በስተደቡብ ጌጃ ላይ፣ በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ የማሰራጫ ምሰሶዎቹን ተክሎ ነበር። ቡራዩ ጥግ ያለው የገፈርሳ ግድብ ደግሞ ለዋና ከተማዋ ውሃ ሲያጠራቅም ኖሯል። ሦስቱ ከተሞች የአዲስ አበባን ማሽንና ቧንቧ ተሸክመው አደጉ። ለራሳቸው መሥሪያ ቤት ማሽን የገባላቸው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ሲገባም በውስጡ የሚከማቸውን መረጃ ማን እንደሚጠብቀው ሳይወሰን ነው።

እኔ እነዚህን ከተሞች የማውቃቸው በመዝገብ ቤታቸው በኩል ነው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርኩ፤ ኋላ ኮምፒውተር ተምሬ “የኢኮቴ ባለሙያ” የሚል መደብ ተሰጠኝና እስከ ጡረታዬ በዚያው ቆየሁ። ሁለቱንም ሙያ ስለኖርኩባቸው አንዱ ለሌላው ምን ማውረስ ሲገባው እንዳላወረሰ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ “መዝገብ ቤት” ሲባል ሰው የሚታየው አቧራና አይጥ ነው። እኔ የገባሁበት መዝገብ ቤት ግን ጥብቅ ሥርዓት ነበረው። ደብዳቤ ሲመጣ የደረሰበት ቀን፣ የላኪው ቁጥር፣ ጉዳዩ፣ የአባሪው ብዛትና የሚመራበት ክፍል በገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የሚወጣው ደግሞ በወጪ መዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቅጂው በማህደሩ ይታሰራል፤ የማህደሩ ገጾች ከታች ወደ ላይ ተቆጥረው ቁጥራቸው ይጻፋል። ማህደር ከመደርደሪያ ሲነሳ በቦታው የማውጫ ካርድ ይቀራል፤ ካርዱ ላይ የወሰደው ሰው ስም፣ ፊርማና ቀን አለ። የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። የወረዳው ትልቁ ሹም ራሱ መጥቶ ማህደር ቢጠይቃቸው ካርዱን ከነእስክሪብቶው ያቀርቡለታል፤ ሳይፈርም አይሰጡትም። አንድ ካድሬ “እኔን አታምኚኝም?” ብሎ ሲቆጣ “አንተን አምናለሁ፤ ካርዱ ግን አያውቅህም” አሉት። ፈርሞ ወሰደ።

ያ ጥብቅነት የመጣው ከከባድ ነገር ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ቤቶቹን መዝግቦ የቤት ቁጥር መስጠትና ኪራይ መሰብሰብ በአብዛኛው በቀበሌዎች እጅ ወደቀ። ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የገጠሩ መሬት በአዋጅ ቁጥር 31 ተይዞ ነበር። በእነዚህ የመንገድ ዳር ከተሞች ማን የትኛውን ቤት እንደያዘ፣ የማን ጓሮ የማንን እርሻ እንደሚያዋስን የሚያሳየው ማስረጃ በትልልቅ ባሕር መዝገቦች ላይ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተጻፈው አማርኛ ብቻ ነበር። አንድ ገጽ ቢቀደድ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። እትዬ ይህን ያውቁ ነበር።

ከዚያ 1984 ዓ.ም. መጣ። በጥቅምት ወር ቁቤ የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ እንዲሆን ተወሰነ፤ የኦሮሚያ ክልል ሲደራጅም የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ተለወጠ። ሕዝቡ በቋንቋው መገልገሉ መብቱ ነው፤ ለዘመናት የተነፈገውም ነገር ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከሌላ በኩል ነው። አሮጌው መዝገብና አዲሱ መዝገብ እንዴት እንደሚገናኙ የወሰነ አካል አልነበረም። በባሕር መዝገቡ ላይ “ከበደ” ተብሎ በፊደል የተጻፈው አባወራ በአዲሱ ማህደር በአፋን ኦሮሞ አነባበብ “ከበዳ” ሆኖ በላቲን ፊደል ገባ፤ ልጁ ፓስፖርት ሲያወጣ ደግሞ የአባቱ ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሦስተኛ መልክ ያዘ። እትዬ በነበሩበት ጊዜ ይህ ብዙ አላስቸገረም። ባለጉዳዩን፣ አባቱን፣ የቤቱንም ቁጥር ያውቃሉና ሦስቱም ስም የአንድ ሰው መሆኑን በትዝታቸው ያያይዙት ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ግን ለእሱ ሦስት ሰዎች ናቸው። ዛሬም የውርስ ወይም የካርታ ጉዳይ ይዘው ከችሎት ችሎት ከሚንከራተቱት ሰዎች መካከል የችግሩ ሥር ይኸው የስም አጻጻፍ የሆነበት አለ።

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች በ1990ዎቹ መግቢያ አካባቢ ሲመጡ የሚቀመጡት በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። ዳንቴል ይለብሳሉ። የሚያውቃቸው ታይፒስቷ ብቻ ስትሆን ለእሷም የኦሊቬቲ ታይፕራይተር ምትክ ናቸው፤ ደብዳቤው ይጻፋል፣ ይታተማል፣ ማህተም ያርፍበታል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ቅጂ ማንም እንደ መዝገብ አይቆጥረውም። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚላከው አማርኛ ደብዳቤ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሎቹን ያስቀመጠው በራሱ መንገድ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው ሌላኛው ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በዊንዶውስ ውስጥ ኒያላ ከተባለው ቅርጹ ጋር አብሮ የመጣልን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007። በመካከሉ የተጻፈው ብዙ ሰነድ ዛሬ በዲስኩ ላይ ቢኖርም የሚያነበው ባለመኖሩ እንደጠፋ ነው። ቀኑም ሌላ ጣጣ ነበር። የቀን ሣጥኑ ከ12 በላይ ወር አይቀበልምና በጳጉሜን የገባ ደብዳቤ ወይ በነሐሴ ወይ በመስከረም ይመዘገባል። እንደዚያ ሆኖ የተመዘገበ ይግባኝ የጊዜ ገደቡ አልፏል ተብሎ ሲወድቅ አይቻለሁ።

ወረዳ ኔት ሲመጣ ተስፋችን ትልቅ ነበር። ጊዜው 1990ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ከ600 በላይ ወረዳዎችን በሳተላይትና በመሬት መስመር ከክልልና ከፌዴራል መንግሥት ጋር ለማገናኘት ተነሣ። ድሃ አገር እንዲህ ያለ ነገር ማሰቧ በራሱ የሚከበር ነው፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ። ሳህኑ በግቢው ተተከለ፤ ራውተሩ፣ ሰርቨሩ፣ ኮምፒውተሮቹ፣ የቪዲዮ ስብሰባ ካሜራውና ሰፊው ቴሌቪዥን በካርቶን ታሽገው ደረሱ። ኢሜይል፣ የኢንተርኔት ስልክ፣ የሰነድ ልውውጥና የቪዲዮ ስብሰባ እንደሚኖር ተነገረን።

ከእነዚህ ውስጥ ሥር የሰደደው የቪዲዮ ስብሰባው ነው። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ ስብሰባ የሚጠራው የበላዩ አካል ነው፤ የበላዩ ሲጠራ የበታቹ ይቀመጣል። በዚያ ቀን ሳህኑ ይሠራል፣ ጀነሬተሩም ናፍጣ ያገኛል። የሰነድ ልውውጡ ግን የሚመካበት ሕግ አልነበረውም። በመሥሪያ ቤት ወግ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ወረቀት አይደለም፤ ኢሜይል ደግሞ ማህተም የለውም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 የወጣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከአሥር ዓመት በላይ መስመሩ ተዘርግቶ፣ በመስመሩ የሚላከውን ደብዳቤ ሕጋዊ የሚያደርገው አዋጅ አልነበረም ማለት ነው። ተላላኪው ስለዚህ ፖስታውን ይዞ ወደ መንገድ መውጣቱን ቀጠለ።

ጥገናውስ? ዕቃው በፌዴራል ፕሮጀክት ተገዝቶ የመጣ ነው፤ የሚያኖረው ግን የወረዳው መደበኛ በጀት ነው፤ በወረዳው በጀት ውስጥ ደግሞ ለራውተር መለዋወጫ የሚሆን መደብ የለም። አንድ የኃይል አቅርቦት ካርድ ሲቃጠል ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቡ እንባላለን፤ ያንን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ በከተማው አንድም የለም። በ2001 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ በነበረ ጊዜ የዩፒኤስ ባትሪዎች ተከታትለው ሞቱ፤ ምትክ ሳይገዛ ያለ ዩፒኤስ የተሠራበት ሰርቨርም ብዙ አልቆየም።

የዚህን ሁሉ እምብርት ያሳየኝ በሠራሁበት ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት የሆነ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ አደረገው፤ ክፍሉ በሞዴል 20 ጠየቀ፤ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ ለአንድ ባለሙያ ተሰጠ፤ ባለሙያው ፈረመ። ያ ባለሙያ የከተማውን ባለይዞታዎች ስም፣ የቦታ ስፋትና የካርታ ቁጥር በኤክሴል እየመዘገበ ቆየና የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ አዲስ አበባ ገባ። ሲለቅ ክሊራንስ ተጠየቀ፦ ኮምፒውተሩን አስረክቧል? አስረክቧል። ወንበሩን? አስረክቧል። በዲስኩ ውስጥ ስላለው ዝርዝር የጠየቀ የለም፤ በክሊራንስ ቅጹ ላይ የሚጠየቅበት መስመር አልነበረም። ማሽኑ በኋላ ሲበላሽ ተመላሽ ተብሎ ግምጃ ቤት ገባ፤ ዓመታት ተኛ፤ ከአሮጌ ጎማና ከተሰበረ ጠረጴዛ ጋር በሐራጅ ተሸጠ። የንብረት ሰነዱን ኦዲተር መርምሮ ምንም ጉድለት አላገኘበትም። ዝርዝሩን ግን እንደገና ከወረቀቱ መሥራት ግድ ሆነ፤ ከወረቀቱም የጎደለ ነበር። ብረቱ ሲገባና ሲወጣ ስንት ፊርማ ሲኖረው፣ ብረቱ የያዘው የሰው መብት አንድም ፊርማ አልነበረውም። በእትዬ ካርድ ዘመን ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

በትምህርት ቤቶች የሆነውን በአጭሩ ልጥቀስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን ይሰራጭ ጀመር። ትምህርቱ የተቀረጸው በደቡብ አፍሪካ ነው፤ በእንግሊዝኛ ይነገራል፤ ተማሪው ባይገባው አይቆምም፤ መብራት ቢጠፋም ተመልሶ አይመጣም። መምህሩ በራሱ ክፍል ውስጥ የማሽኑ ረዳት ሆነ። ስለ ማሽኑ ሲወሰን መምህሩ ቢጠየቅ ኖሮ ብዙው ጉድለት ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

በፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች የታየው ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ ስለዚህም ነገሩ በአገራችን አይቻልም የሚለውን አልቀበልም። ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የሃርቫርዱ ስቲቨን ፒተርሰን የመሩት፣ በአሜሪካ ተራድኦ ገንዘብ የተደገፈ የፋይናንስ ማሻሻያ ነበር። ማሻሻያው መጀመሪያ የነካው ወረቀቱን ነው። የሒሳብ መደቦች ተስተካከሉ፤ ነጠላው አመዘጋገብ በጥምር ተተካ፤ የወረዳ ሒሳብ ሠራተኞች በብዕርና በወረቀት ሠለጠኑ። ከዚያ በኋላ ነው አይቤክስ የተባለው የበጀትና ወጪ ሥርዓት በኮምፒውተር የመጣው፤ እሱም የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 እንደሚጀምር አውቆ የተሠራ ነበር። ኔትወርክ በሌለበት ወረዳ እንኳ ሪፖርቱ በዲስክ ወደ ዞን ይሄዳል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ማሽኑ ቢቆም በእጇ መቀጠል ትችላለች፤ ማሽኑ ሲነሣ የት እንደደረሰ ታውቃለች። ሥራው የእሷ ነው፤ ማሽኑም የእሷ ነው። አይቤክስ ጉድለት ነበረበት፤ ግን በየወር ሪፖርት የሚያወጣ፣ ዓመት ከዓመት የሚዘልቅ ሥርዓት ሆነ። በመሬት ክፍል ያጣነው ይህን ቅደም ተከተል ነው።

የእነዚህ ከተሞች ልዩ መከራ ደግሞ ቅርበታቸው ነው። ሩቅ ወረዳ ያለ ባለሙያ ቢያንስ ለመልቀቅ ቤተሰብ ይዞ መሰደድ ይኖርበታል። ከቡራዩ አስኮ፣ ከሰበታ ዓለም ገና አልፎ ጀሞ፣ ከሱሉልታ እንጦጦን ወርዶ መሐል ከተማ ለመግባት የሚኒባስ ታክሲ ይበቃል። ቤቱን ሳይለቅ መሥሪያ ቤቱን ይለውጣል። ሠልጥኖ ሰርቲፊኬቱን የያዘ ወጣት ባንክ ወይም ቴሌ ሲጠራው በወረዳ ደረጃ ደመወዝ ቆይ ማለት አይቻልም፤ አልፈርድበትምም። የምፈርደው የይለፍ ቃሉ በእሱ ጭንቅላት ብቻ እንዲቀር በፈቀደው አሠራር ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተሞቹ አልጠበቁም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሰበታና ቡራዩ እያንዳንዳቸው 50 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው። በ2000 ዓ.ም. የፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሲቋቋም ሦስቱም በሥሩ ተጠቃለሉ። ፋብሪካው፣ የአበባ እርሻው፣ ከአዲስ አበባ ኪራይ የሸሸው ቤተሰብ ሁሉ ወደእነሱ ጎረፈ። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ዓ.ም. ተራዝሞ እስከ ዛሬ አልተካሄደም። የጤፍ ማሳ በነበረበት የቦታ ዋጋ ሲንር አንድ ማህደር የሚያወጣው ዋጋም አብሮ ናረ። ማህደር እንዲጠፋ የሚፈልግ ሰው ተፈጠረ። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጡ፤ ካዳስተር የሚል ቃል በየስብሰባው ተሰማ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ያስነሣው ተቃውሞ፣ ለወራት ደም ካፈሰሰ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ ተሰረዘ እስከተባለበት ድረስ፣ የመሬት መረጃ እዚህ አካባቢ የሕይወትና የሞት ጉዳይ መሆኑን አሳየ። ገበሬው ስለ ማሳው በወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ ማወቅ የማይችል ከሆነ በሚነገረው ዕቅድ ላይ እምነት ከየት ያመጣል?

ባለጉዳዩ በእነዚያ ዓመታት የለመደው መልስ “ሲስተም የለም” የሚል ነው። ይህን መልስ አጥብቄ እጠላዋለሁ። በእጅ ዘመን “መዝገብ የለም” ያለ ሠራተኛ ይቀጣ ነበር፤ መዝገቡ የት እንደሄደ መናገር ግዴታው ነውና። “ሲስተም የለም” ግን ማንንም አያስጠይቅም። አንዳንዴ እውነት ነው፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ሳለ በመስመር ላይ የተመሠረተ ብዙ አገልግሎት ቆሞ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን እውነት አልነበረም። መስመሩ ሲቋረጥ በምን እንደሚሠራ የተጻፈ መመሪያ ቢኖር፣ የቀኑን ጉዳይ በቅጽ ተቀብሎ ማታ ማስገባት ይቻላል። አይቤክስ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች የዙሪያ ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። በዚያው ዓመት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ጸደቀ፤ ፋይዳ ቁጥር በየአገልግሎቱ እየተጠየቀ ነው። ለከበደና ለከበዳ አንድ ቁጥር መኖሩ እኔ በሥራ ዘመኔ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው፤ ሲሆን በማየቴ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ቁጥሩ የዛሬውን ሰው ይለያል እንጂ በ1960ዎቹ ባሕር መዝገብ ላይ ካለው አባቱ ጋር አያገናኘውም። የማገናኘቱን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ሁለቱንም ፊደል የሚያነብ፣ የድሮ ቀበሌ ቁጥሮችን የሚያስታውስ ሰው ነው፤ ያ ትውልድ ደግሞ ጡረታ እየወጣና እያለፈ ነው።

ስለዚህ ለሸገር ከተማ የመሬትና የመዝገብ ኃላፊዎች ልመናዬ ይህ ነው። አሮጌዎቹን ባሕር መዝገቦች ስካን ከተደረጉ በኋላም ቢሆን አትጣሉ። ማህደር ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡት ወጣቶች አጠገብ አንድ አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቀምጡ፤ አበል ብትከፍሏቸው በሐራጅ ከሸጣችኋቸው ኮምፒውተሮች ዋጋ አይበልጥም። ሠራተኛ ሲለቅ በሚሞላው የክሊራንስ ቅጽ ላይም አንድ መስመር ጨምሩ፦ “የያዘውን መረጃና የይለፍ ቃል አስረክቧል፤ ተረካቢው ስምና ፊርማ”።